ንፋሱ በነጻ፣ ዕዳው በውጭ ምንዛሪ

በ2020 መጨረሻ ላይ ኮሮና ገና አልወጣም፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተጀምሯል፣ ዶላር የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ ባንክ ቤት ተመዝግቦ ወራት ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን ሲመንስ ጋሜሳ የተባለው የንፋስ ተርባይን አምራች ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራውን መያዙን አስታወቀ፤ 29 ተርባይኖች፣ በድምሩ 100 ሜጋ ዋት፣ በአዳማና በአሰላ መካከል። ፕሮጀክቱ በአሰላ ስም ይጠራ እንጂ ሜዳው ወደ ኢተያ ነው፤ የትውልድ ከተማዬ የሁሩታ ጎረቤት። ገንዘቡ የመጣው ከዴንማርክ ነው። ከፊሉ የመንግሥታቸው ልገሳ፣ ከፊሉ የዳንስክ ባንክ ብድር፣ ብድሩም በዴንማርክ የወጪ ንግድ ብድር ተቋም ዋስትና የተያዘ።

ዕቅዱ በ2023 መጀመሪያ ላይ ኃይል ይሰጣል የሚል ነበር። 2023 ገባ፣ ሥራው ግን አላለቀም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮ ቦንድ የወለድ ክፍያ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ 33 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ያቃታት አገር በብድር የንፋስ ተርባይን ማቆሟ ምን ይሉታል? አዲስ አበባ የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ይከራከሩበታል፣ ሁሩታም ቡና ላይ ይነሳል። አንዱ «ቅንጦት ነው» ይላል፣ ሌላው «ያለሱ አይሆንም» ይላል።

እኔ ሙያዬ ሶፍትዌር ነው፤ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከአርሲ ደጋ እስከ አዋሽ ባለው አገር ላለፉት 60 እና 70 ዓመታት በክፉ ቀን የተገነቡ ማመንጫዎች አሉ፤ እነሱን በተራ ብናያቸው መልሱ በመጠኑ ይጠራል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ውሎቹ ሁሉ በዚያ ስለተፈረሙ።

ቆቃ፦ በካሳ የተሠራ ግድብ

የመጀመሪያው ቆቃ ነው። በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ መጠኑም በድርድር ወረደ፤ በመጨረሻ ግን የካሳው ገንዘብ አዋሽ ላይ ግድብ ሆነ። ቆቃ በ1960 ሲመረቅ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ቀጥሎ አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971፣ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት።

ቆቃን ልዩ የሚያደርገው ገንዘቡ ነው። ካሳ ዕዳ አይደለም፤ የሚመለስ ዋና የለውም፣ ወለድ የለውም። ከጦርነት የወጣች ድሃ አገር ለ60 ዓመት የሚያገለግል ማመንጫ አገኘች፣ ውሃውም የነዳጅ ሂሳብ አይልክም። ያም ሆኖ ውሃው የሸፈነው መሬት ባለቤት ነበረው፤ መብራቱ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው። ግድቡ አጠገብ ያለው ገበሬ ለብዙ ዓመታት ኩራዝ ነበር የሚያበራው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው «ገንዘቡ በምን ዓይነት ውል መጣ?»፤ ሁለተኛው «መብራቱ የት ሄደ?»።

1973 እና ሁለት አገሮች

በ1973 መገባደጃ የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤንዚን ጭማሪው ታክሲ ነጂዎችን ለአድማ አስነሳ፣ ቀጥሎ የመጣው አብዮት ነው። በዚያው ጊዜ ዴንማርክ የምትባል ትንሽ አገር ከኃይሏ 90 በመቶ ገደማውን ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ላይ አስደግፋ ነበርና ክፉኛ ደነገጠች። ሥራ አጥነት ወጣ፣ ወለድ ወጣ፣ እሁድ እሁድ መኪና መንዳት ተከለከለ።

ዴንማርኮች በዚያ ድቀት ውስጥ ያደረጉትን ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹን ተርባይኖች የሠሩት ግዙፍ ኩባንያዎች አልነበሩም፤ አናጢዎች፣ ብረት ሠሪዎች፣ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ነበሩ። በምዕራብ ዴንማርክ የመስኖ መርጫ መሣሪያ የሚሠራ ዳንሬግን የሚባል ድርጅት ነበር። በ1980 አካባቢ ወደ ተርባይን ዞረ፣ ስሙም ቦነስ ሆነ። ቦነስን በ2004 ሲመንስ ገዛው፤ በ2017 የሲመንስ የንፋስ ክፍል ከስፔኑ ጋሜሳ ጋር ተዋሃደ። ኢተያ ድረስ የመጣው ኩባንያ እንግዲህ ግማሽ ሥሩ የገበሬ መስኖ ዕቃ ነው።

ከቴክኒኩ የሚበልጠው ግን ባለቤትነቱ ነው። ጎረቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የተርባይን አክሲዮን ገዙ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ100 ሺህ በላይ የዴንማርክ ቤተሰቦች የንፋስ ድርሻ ነበራቸው። ባንኩ የአገራቸው፣ ብድሩ በክሮነር፣ ኤሌክትሪኩም የሚሸጠው በክሮነር። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ጎረቤት ያገኛል። የተርባይኑ ድምፅ ከሚያሰማው ቤት ውስጥ ድርሻ አለ ማለት ነው።

አሉቶ፦ ያለ መለዋወጫ

ኢትዮጵያም በነዳጅ ድንጋጤው ዘመን ዝም አላለችም። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው አሉቶ ተራራ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ለእንፋሎት ኃይል ተቆፈሩ። ጦርነትና ረሃብ አገሪቱን በያዙበት ጊዜ መሆኑን አስቡት። እንፋሎቱም ተገኘ። ማመንጫው ግን የተተከለው በ1998 ነው፤ 7 ሜጋ ዋት ገደማ። ብዙም ሳይቆይ መበላሸት ጀመረ፣ በከፊል የተጠገነውም በ2007 ገደማ።

ከአሉቶ የምንማረው መገንባት ግማሹ መሆኑን ነው። ታዳሽ ኃይል ነዳጅ አይፈልግም እንጂ ዕቃ ይፈልጋል፤ ዕቃው ደግሞ በዶላር ነው። በኛ ሙያ «ሲስተሙ ተሠርቷል» ማለት «ሲስተሙ ይሠራል» ማለት አይደለም። የሚጠግነው ሰው፣ የሚቀየረው ዕቃ፣ ለዚያ የተቀመጠው በጀት ከሌለ የተመረቀው ነገር ሐውልት ነው።

አዳማ፦ ጨለማው የወለደው ንፋስ

በ2008 የዓለም ባንኮች ሲወድቁ ኢትዮጵያ የራሷ ጣጣ ነበራት። የዋጋ ግሽበቱ በዚያ ክረምት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር። በ2008 እና በ2009 የግድቦች ውሃ ቀነሰና መብራት በፈረቃ ሆነ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ፈረቃ የሚለውን ቃል የተማርኩት ከመብራት ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጋሼ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ሞተር በመብራት፣ ሌላው በናፍጣ። የናፍጣው ሲነሳ ከሩቅ ይሰማል፣ እኛም የማስፈጫው ዋጋ እንደሚጨምር እናውቃለን። ስንዴ ከጓሮ፣ ወፍጮው ከመንደር፣ የዱቄቱ ዋጋ ግን የነዳጅ ገበያ የሚወስነው። መንግሥትም ያደረገው ከወፍጮ ቤቱ አይለይም፤ በናፍጣ የሚሠሩ ማመንጫዎችን ተከራየ።

ያ ጨለማ ነው የንፋስን ነገር ከወረቀት ያነሳው። መቀሌ አጠገብ ያለው የአሸጎዳ ውል በ2008 ተፈረመ፣ በ2013 ተመረቀ፤ 120 ሜጋ ዋት፣ በፈረንሳይ ብድር። አዳማ አንድ በ2012፣ 51 ሜጋ ዋት፣ 34 ተርባይኖች፣ 117 ሚሊዮን ዶላር። አዳማ ሁለት በ2015፣ 153 ሜጋ ዋት፣ 102 ተርባይኖች፣ 345 ሚሊዮን ዶላር። የአዳማዎቹ ገንዘብ 85 በመቶ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ነው።

ምክንያቱ የአየር ሁኔታም ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው። ውሃው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይወርዳል። በዚህ በኩል ያለው ንፋስ ተቃራኒ ነው፣ የሚበረታው በበጋ ነው። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ኮምባይነር ከመምጣቱ በፊት ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ ላይ መንሽና ላይዳ ይዞ የቆመ የአርሲ ገበሬ ሁሉ ያውቀው ነበር። ንፋሱ ሲመጣ ግድቡ ያርፋል፣ የቆጠበው ውሃ ለነገ ይሆናል።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ሁሩታ የቡና ክርክር ልመለስና ሁለቱንም ወገን በቁጥር ላስረዳ።

«ያለሱ አይሆንም» የሚለው ወገን ይህን ይላል። የአሰላው ማመንጫ በዓመት 300 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ እንዲያመነጭ ነው የታቀደው። ያንኑ ያህል በናፍጣ ለማመንጨት፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሩብ ሊትር ብለን ብናስብ፣ 75 ሚሊዮን ሊትር ይቃጠላል። ሊትሩን 70 የአሜሪካ ሳንቲም ብናደርገው ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በየዓመቱ። አገሪቱ መክፈል ካቃታት 33 ሚሊዮን ይበልጣል። እርግጥ ኢትዮጵያ ያን ሁሉ ናፍጣ አታቃጥልም። መብራት ሲጠፋ ግማሹ ፋብሪካ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ግማሹ ይዘጋል፣ እኛም ሻማ እንገዛለን። ያም ዋጋ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ አይቆጠርም። የነዳጅ ዕዳ ማለቂያ የለውም፤ የተርባይን ዕዳ ግን አንድ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ታዳሽ ኃይል ላይ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይደለም። በዚህ ጉዳይ እኔ ከዚህኛው ወገን ነኝ።

ግን «ቅንጦት ነው» የሚለውም ሞኝ አይደለም፤ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። የናፍጣ ማመንጫ ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ውዱ ነዳጁ ነው። ንፋስ ግን ሙሉ ወጪው መጀመሪያ ላይ ይከፈላል። ስለዚህ የንፋስ ኤሌክትሪክ ዋጋ በአብዛኛው የገንዘብ ዋጋ ነው፤ ወለዱ ስንት ነው፣ መክፈያው ስንት ዓመት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በየትኛው ገንዘብ ነው። አዳማ አንድ ሲመረቅ ዶላር 17 ብር አካባቢ ነበር። በ2017 ብር በ15 በመቶ ወረደ። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ፣ በዓመቱ መጨረሻ 125 አካባቢ ደረሰ። ከአንድ እንዲህ ዓይነት ብድር ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶ ቢሆን፣ ያኔ 17 ሚሊዮን ብር፣ በ2024 መጨረሻ 125 ሚሊዮን ብር ነበር። ንፋሱ ግን ያው ንፋስ ነው፣ ተርባይኑም አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አልጨመረም።

ገቢውስ? ኤሌክትሪኩ የሚሸጠው በብር ነው። ከ2006 እስከ 2018 መጨረሻ ታሪፉ ንቅንቅ አላለም፤ ጥቂት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር የሚከፍለው። በ2006 ምንዛሪ ያ ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በ2018 አንድ ሆነ። በ2018 እና እንደገና ከመስከረም 2024 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወሰነ። በሌላ አነጋገር የምንዛሪው ኪሳራ ቀስ እያለ ወደ እናቶቻችን የመብራት ቆጣሪ ወረደ። ታሪፉ መጨመሩ ስህተት ነው አልልም፤ በ27 ሳንቲም መለዋወጫ አይገዛም፣ አሉቶን አይተናል። ያንን የብድር ውል ሲፈርሙ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

የግል ባለሀብት ቢመጣስ የሚል አለ። በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጋድና ዲቼቶ ላይ የፀሐይ ኃይል በ2 ነጥብ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ለመሸጥ ጨረታ አሸነፈ። በአፍሪካ ተሰምቶ የማያውቅ ዋጋ ነበር፤ ግን ሳይገነባ ቀረ። እዚሁ አርሲ ውስጥ ቱሉ ሞዬ ላይ የእንፋሎት ኃይል የግዢ ስምምነት በ2017 ተፈርሞ ቁፋሮው የተጀመረው በመጋቢት 2020 ነው፤ ኮሮና ኢትዮጵያ በገባበት ወር። የግል ባለሀብት ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ መውሰድ እንደሚችል ዋስትና ይፈልጋል። ዶላር በጠፋበት አገር ያንን ዋስትና መስጠት የሚችል የለም። መንግሥት ሲበደርም ሆነ የግሉ ሲገባ ዞሮ ዞሮ ያው የምንዛሪ በር ላይ ነው የሚቆመው።

ካሳው በብር፣ አንድ ጊዜ

አርሲ የስካንዲኔቪያ ገንዘብ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። በ1967 ስዊድኖች አሰላ ላይ ካዱ የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። የተሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ መንገድ መጣ፤ ምርቱም አደገ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማሳደግ ነበር። መሬቱ ትርፋማ ሲሆን ግን ባለርስቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ። ስዊድኖቹ አልተመኙትም፣ የባለርስትና የጭሰኛ ውልም በእነሱ እጅ አልነበረም። ግን የሆነው ያ ነው። ልማቱ በበጎ ፈቃድ መጣ፣ ጉዳቱ ውል ላይ ስሙ ያልሰፈረው ሰው ላይ ዐረፈ።

ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። ከቀድሞው 10 እጥፍ የተሻለ ነው፤ ለተርባይን የሚወሰደውም መሬት ጥቂት ነው፣ በምሰሶዎቹ መካከል ማረስ ይቻላል። ግን ክፍያው በብርና በአንድ ጊዜ ነው። በ2021 አጋማሽ 1 ሚሊዮን ብር የተቀበለ ቤተሰብ ቢኖር በጊዜው ምንዛሪ 23 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ ያንን ብር ባንክ አስቀምጦ ከሆነ በ2024 መጨረሻ 8 ሺህ ነው። አበዳሪው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፈለው፤ ለዓመታት፣ በዋስትና። አንድ ሜዳ ላይ ያሉ ሁለት ባለጉዳዮች ናቸው። አንደኛው ከምንዛሪ መውረድ የሚከላከልለት አለው፣ ሌላኛው ራሱ መከላከያ ሆኗል።

የኔ ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። በክፉ ቀን መገንባቱ ልክ ነው፣ ታሪኩም ያንን ነው የሚለው። ግን በየጊዜው የገንዘቡ አደጋ ያረፈው ባልፈረመ ሰው ላይ ነው። ያንን መቀየር ይቻላል፤ ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠርም አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የዴንማርኩ ልገሳ ያለበት ውል ጥሩ ፈለግ ነው። ቆቃ እንዳሳየን ዕዳ ያልሆነ ገንዘብ በምንዛሪ አይወፍርም። የበጋ ንፋስ የካርቦን ጭስ ለማይጨምር ኤሌክትሪክ የሚሆነው ለዓለምም ነው፤ ተደራዳሪዎቻችን የልገሳው ድርሻ እንዲያድግ አጥብቀው መጠየቅ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ለጎረቤት ገበሬ ከአንድ ጊዜ ካሳው በተጨማሪ ከሚሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ድርሻ ይታሰብ። ታሪፍ ሲጨምር ድርሻውም ይጨምራል፤ ግሽበት ብቻውን አይበላውም።

ሦስተኛ፣ ከአገር ውስጥ በብር መሰብሰብ እንችላለን። በ2011 አበዳሪ ሲጠፋ ሕዝቡ ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዛ፤ ግድቡም በመስከረም 2025 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። እርግጥ የቦንዱ ወለድ ከግሽበቱ በታች ስለነበር ገዢው ተጎድቷል። ለዚህ ነው ከቋሚ ወለድ ይልቅ የሽያጭ ድርሻ የሚሻለው። በጥር 2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ ተርባይኑ ባይገዛበት እንኳ መንገዱ፣ መሠረቱ፣ መስመሩ፣ ጥገናው በብር የሚከፈል ሥራ ነው።

አራተኛው ቀላል ነው፤ ማመንጫ የተተከለበት ወረዳ መብራት ይኑረው። ከኢተያ የሚነሳው ከፍተኛ መስመር ወደ ብሔራዊው የኃይል ቋት ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ መንደሩ ለመውረድ ትራንስፎርመርና እንጨት ምሰሶ ያስፈልገዋል። ከአንድ ተርባይን ዋጋ አንጻር ይህ ኢምንት ነው።

የ1970ዎቹ ዴንማርክ ከኛ የተሻለ ንፋስ አልነበራትም። የነበራት ጎረቤትን ባለድርሻ የሚያደርግ ውል ነው። ከአሰላው ፕሮጀክት በኋላም ሌሎች መምጣታቸው አይቀርም፤ ንፋሱ አለ፣ መሬቱ አለ፣ የመብራቱም ፍላጎት አለ። የሚቀጥለው ውል ሲዘጋጅ የሂተሳና የሎዴ ሂተሳ ገበሬ ስሙ የሚገኘው ከካሳ ተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ካዱን በሌላ ስም ደገምነው ማለት ነው።